ባለቤቱ እስከ ቅዳሜ አይመጣም

በዚህ አገር ብቻዬን ልሁን ብሎ የተሳካለት ሰው አላየሁም። ረጅም መንገድ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። መኪናው ሜዳ ላይ ይቆማል። ግራ ቀኝ ቢያዩ ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፣ ከብት እንኳ የለ። ተሳፋሪው እፎይ ብሎ ወደ መንገዱ ዳር ፈቀቅ ይላል። ቀበቶውን ፈታ ከማድረጉ፣ ከየት እንደበቀሉ የማይታወቁ ልጆችና አንድ ባለዱላ ሽማግሌ ከኋላው ቆመው "እንደምን ዋልክ?" ይሉታል።

ሰላምታ ደግሞ የእግዜር ነው፤ ካልመለሱት ነውር ነው። በዚያ ሁኔታ ላይ ሆኖ ጎንበስ ብሎ እጅ መንሳት ግን የራሱ ችሎታ ይጠይቃል።

ይህ ነገር ለዓመታት ሲያናድደኝ ኖሯል። እኔ ከከተማ የምወጣው ሰው ለመሸሽ ነው። ሞተር ሳይክል የገዛሁትም ለዚሁ ነው። ሄልሜት ካጠለቁ በኋላ ስልክ አይሰማም፤ ከጎን ተቀምጦ ስለ ቤት ኪራይ የሚያወራም የለም። ሰላም ነው።

መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ በአንዲት ባለ 150 ሲሲ ሞተር ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ልሄድ ተነሳሁ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዘመድ ወዳጅ መምከሩ አልቀረም። አንዱ "በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ አይደለም እንዴ?" አለኝ። ሌላው በደንብ አስቦበት "ሌሊት በሚነሳው አውቶቡስ ሂድና ሞተሯን ከላይ ጫናት" አለኝ። ሞተር ይዞ በአውቶቡስ መሄድ ምን የሚሉት ጉዞ እንደሆነ ጠይቄው አኮረፈ።

የሱሉልታን ብርድ ጫንጮ ላይ በሻይ አራግፌ፣ ፍቼ ቁርሴን በልቼ፣ ገርባ ጉራቻን አልፌ ጎሐ ጽዮን ደረስኩ። እዚያ ምድር ያልቃል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና ያንኑ ያህል ይወጣል። ከላይ ጋቢ ያስለብሳል፤ ከታች ሸሚዝ ያስወልቃል። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ተጨማዷል። ቦቴዎቹ በፍሬን እየተነፈሱ በዝግታ ይወርዳሉ። ዝንጀሮዎቹ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተደርድረው የሚያልፈውን ሁሉ ይመዝናሉ።

ታች ዓባይ ላይ የሕዳሴ ድልድይ አለ። 303 ሜትር ይረዝማል፤ የተሠራው በጃፓን መንግሥት እርዳታ ነው። የድሮው ድልድይ አሁንም ከጎኑ ቆሟል። ከሁለቱም በፊት በነበረው ዘመን ክረምት ገብቶ ዓባይ ሲሞላ ሸዋና ጎጃም ተቆራርጠው ይከርሙ ነበር። ወንዙን አይቶ የማያውቅ የጃፓን ግብር ከፋይ ለኔ ማለፊያ ከፈለልኝ ማለት ነው። የማን ልጅ ነህ አላለኝም፤ ሚስት አለህ ወይ አላለኝም። ይህን የምጠቅሰው ለንጽጽር ይረዳኛል ብዬ ነው።

ድልድዩ ላይ መቆም ክልክል ነው፤ ጠባቂዎች አሉ። የኔ ሞተር ሕግ አክባሪ ስለሆነች ድልድዩን በሰላም ተሻግራ፣ የደጀኑን ዳገት ተያይዛ፣ ጥቂት ኩርባ ከወጣች በኋላ ነው ካቴናዋን የበጠሰችው።

ካቴና መበጠስ ከሌላ ብልሽት ሁሉ የከፋ የሚሆነው ሞተሯ ጤነኛ ስለምትመስል ነው። ቁልፍ ሲያዞሩላት ትነሳለች፤ ነዳጅ ሲሰጧት ታጓራለች፤ ማርሽ ትቀበላለች። አትሄድም እንጂ ምንም አልጎደላትም። መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አውቃለሁ፤ አንዳንዱ አለቃዬ ነበር።

ስልኬን አወጣሁ። ደግነቱ ኔትወርክ ነበረ። የመጀመሪያው ወዳጄ "አይዞህ" አለኝ። ሁለተኛው "ብዬህ ነበር" አለኝ። ሦስተኛው ፎቶ አንስቼ እንድልክለት ጠየቀኝና፣ ከላክሁለት በኋላ "አዎ፣ ተበጥሷል" ብሎ አረጋገጠልኝ። የሚወዱኝ ሰዎች በጠቅላላ ያደረጉልኝ ይኸው ነው። አልወቅሳቸውም፤ በስልክ ካቴና አይቀጠልም።

ቀና ስል ልጆቹ ነበሩ። ከየት መጡ አልልም፤ ይህን ጥያቄ መጠየቅ ካቆምኩ ቆይቻለሁ። የፍየል እረኞች ናቸው። በዚያ መንገድ መኪና ባለፈ ቁጥር "ሃይላንድ! ሃይላንድ!" እያሉ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ የሚለምኑት እነሱ ናቸው። አንዱ ሮጦ ሄደና በሃይላንድ ውሃ ሞልቶ አመጣልኝ። ንጽሕናውን ለመመርመር የሚያስችል ሙቀት አልነበረም፤ ጠጣሁት።

ከዚያ ሽማግሌው መጡ። ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ሞተሯን ዞሩ፤ እኔንም ዞሩ።

"ከየት ነህ?"

"ከአዲስ አበባ።"

"የማን ልጅ ነህ?"

እዚያ ገደል ውስጥ አባቴን የሚያውቅ ይኖራል ብዬ ባላስብም ስሙን ከነአያቱ ተናገርኩ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አሰቡ። "አላውቀውም" አሉ በመጨረሻ፣ ጥፋቱ የአባቴ እንደሆነ ሁሉ።

"ሚስትስ?"

"የለኝም፣ አባቴ።"

"አዬ! ለዚህ ነዋ!"

የካቴናው መበጠስ ምክንያት ተገኘ። ልጆቹም ተስማሙ።

መቼም ፈረንጅ አገር ቢሆን አንዱ ቆሞ "ልርዳህ?" ይላል፤ አንተም "አመሰግናለሁ፣ እችለዋለሁ" ትላለህ፤ ሁለታችሁም ክብራችሁን ጠብቃችሁ ትለያያላችሁ። ዓባይ በረሃ ላይ ልርዳህ ያለኝ አንድም ሰው የለም። የሰማሁት ሁሉ ትእዛዝ ነው። ወዲህ በል፤ ተወው፤ ያዝ፤ ልቀቅ፤ ዝም በል። ሽማግሌው እኔን ከጨረሱ በኋላ መንገዱ መሐል ገብተው ዱላቸውን አግድም ዘረጉና ዳገት የሚወጣ የሲሚንቶ አይሱዙ አስቆሙ።

ዳገት ላይ የተጫነ መኪና ማስቆም ምን ማለት እንደሆነ ሹፌር የሆነ ሰው ይወቀው። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ታኮውን ጎማው ሥር ከተተ። ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ የሽማግሌውን ዘር ማንዘር ሊያነሳ አፉን ሲከፍት ዱላውንና ሽበቱን አየ፤ ስድቡንም አዙሮ ለኔ ሰጠኝ።

"ይቺን ይዘህ ነው ዓባይን የምትሻገረው? ጤነኛ ነህ?"

መልስ ሳልሰጥ ወርዶ እጅጌውን ሰብስቦ ነበር። ረዳቱ፣ ሹፌሩ፣ ሽማግሌውና እረኞቹ ሞተሯን እንደ በሽተኛ በቃሬዛ ብድግ አድርገው ሲሚንቶው ላይ አወጧት። እኔ አንድ ጫፍ ልይዝ ስል "አንተ ቁም፤ እንዳትጥለው" ተባልኩ። የገዛ ንብረቴ ነው። ረዳቱ ከላይ ሞተሯን አቅፎ ተቀመጠ፤ እኔ ጋቢና ገባሁ።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላል ያገሬ ሰው። እኔን መከራም ምክርም ባንድ ላይ ነው ያገኙኝ። ሹፌሩ እስከ ደጀን አፉ አላረፈም። እያንዳንዱ ኩርባ ታሪክ አለው። እዚህ አንድ ቦቴ ፍሬን በጥሶ፣ እዚያ አንዱ ሞተረኛ እንዳንተው ብቻውን። በእያንዳንዱ ታሪክ መጨረሻ ዞሮ ያየኝና "ገባህ?" ይለኛል። "ገባኝ" እላለሁ። "አልገባህም" ይላል። እውነትም አልገባኝም ነበር፤ ዓይኔ ሙቀት መለኪያው ላይ ነበር።

ደጀን ስንደርስ ወርጄ አመስግኜ ልሰናበት አሰብኩ። እሱ ግን "ብላ" አለኝ። ረቡዕ ስለነበረ ሽሮ አዘዘ፤ ከራሱ እጅ አጎረሰኝ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብሎ ደገመኝ። ሒሳብ ልከፍል ኪሴ ስገባ እጄን እዚያው ኪሴ ውስጥ ይዞ አስቀረው። ከዚያ ለጫነበት ልከፍለው ስል ከዓባይ ጀምሮ ከሰማሁት ስድብ ሁሉ የከፋውን ሰማሁ። "ንብረት አልጫንኩም፤ ሰው ነው የጫንኩት" ብሎ በሩን ዘጋብኝ።

ረዳቱ ግን አልተቀየመም። ብሩን ተቀብሎ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ከላይ ወጣ። ሞተር አቅፎ ዓባይን የወጣ ሰው ይገባዋል ባይ ነኝ።

እዚህ ላይ ሞተረኛ ከባለመኪና ይልቅ ለምን እንደሚታዘንለት አሰላሰልኩ። ባለመኪና ቢበላሽበትም ቤቱ ውስጥ ነው፤ በር አለው፣ መስታወት አለው፣ ወንበሩን አጋድሞ ይተኛል። ሞተረኛ ከቆመ ሜዳ ላይ ነው። በዚያ ላይ ሞተር ተነስቶ ይጫናል፤ ደግነት ደግሞ ሊነሳ የሚችል ነገር ይወዳል። ነገሩ በከተማ አይሠራም። አዲስ አበባ ውስጥ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ ሞተር ሳይክል ሲገደብ ስማችን ከቦርሳና ስልክ ንጥቂያ ጋር ይነሳ ነበር፤ ከኋላችን ሰው ቦርሳውን ወደ ደረቱ ያስጠጋል። ያው ሞተረኛ ያቺኑ ሞተር ዓባይ ዳገት ላይ ሲገፋ ግን የሁሉ ልጅ ነው።

ከሞተረኞች ሁሉ ይህን በደንብ የሚያውቁት ሁለት አርጀንቲናውያን ናቸው። ኤርኔስቶ ጌቫራና ጓደኛው አልቤርቶ ግራናዶ እ.ኤ.አ. በ1952 ደቡብ አሜሪካን በአንዲት አሮጌ ኖርተን 500 ሊያቋርጡ ወጡ። ስሟን "ኃያሊቱ" ብለዋታል። ኃያሊቱ ከምትሄድበት የምትወድቅበት በዛ። ቺሌ ሲገቡ አንድ የአካባቢ ጋዜጣ የሥጋ ደዌ ሊቃውንት ናቸው ብሎ ጻፈላቸው፤ አንደኛው ትምህርቱን እንኳ ያልጨረሰ ተማሪ ነው። እነሱም ጋዜጣውን አላስተባበሉም። በየደረሱበት በልተዋል፤ ሎስ አንሄሌስ በምትባል የቺሌ ከተማ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሰፈራቸው አሳድረዋቸዋል። ላውታሮ ላይ መካኒኮች ሞተራቸውን ጠግነውላቸው ጭፈራ ጋበዟቸው፤ ኤርኔስቶ ሞቅ ብሎት ከመካኒኮቹ የአንዱን ሚስት ወደ ውጭ ሊጎትት ሲል መንደሩ በሙሉ አባሮ ሸኛቸው። ሳንቲያጎ ሳይደርሱ ኃያሊቱ ጨርሳ ሞተች፤ ከዚያ ወዲያ በብዛት በሰው ካሚዮን ነው የሄዱት። ቼ የሆነው በኋላ ነው። ያኔ ያው እንደኔ የተጫነ ሰው ነበር።

የላውታሮን ነገር ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ጨርቅ የሚለው ተረት እንግዳውን ለመሳደብ የወጣ አይመስለኝም። አያቶቻችን በር ላይ መሽቶብኛል የሚል ድምፅ ሲሰሙ "ቤት የእግዚአብሔር ነው" ብለው ያስገቡ ነበር። ቤቱ የእግዚአብሔር ነው፤ እንጀራው ግን የሴትየዋ ነው። ቼ በአንዲት ማታ ከወርቅ ወደ ጨርቅ ወረደ። እኔ ወርቅ ሳለሁ ለመውጣት ወስኜ ወደ ጥገናው ሄድኩ።

ጠጋኙ ወጣት ነው፤ ባጃጅም ብስክሌትም ሞተርም ያያል። ካቴናዬን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ "መገጣጠሚያው ነው የሄደው" አለ።

"አለህ?"

"የለም። የሚገኘው ማርቆስ ነው።"

ደብረ ማርቆስ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ ተቀመጥኩ። እሱ ቆሞ አሰበ። ከዚያ ወደ ጓሮ ሄዶ፣ ሸራ ገልጦ፣ የኔኑ የመሰለች ሞተር ሥር ተንበረከከና በፒንሳ አንድ ነገር መንቀል ጀመረ።

"የማን ናት?"

"የአንድ መምህር።"

"ኧረ ተው! ቢመጣስ?"

"ባለቤቱ እስከ ቅዳሜ አይመጣም።"

"ቅዳሜስ?"

"እስከዚያ ከማርቆስ አስመጣለሁ። ባይመጣም መምህር ነው፤ ይገባዋል።"

የመገጣጠሚያውን ዋጋ ብቻ ተቀበለኝ። የእጅህስ ስለው "እጄ ምን ሆነ?" አለኝ። ያደርኩበት ሆቴል ባለቤትም የአልጋውን ተቀብላ የእራቱን አልቀበልም አለች፤ አልጋ ንግድ ነው፣ እራት ግን ነውር ነው አለችኝ። ይህን ልዩነት የሚያብራራ የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ እስካሁን አላገኘሁም።

ከዚያ ባሕር ዳር ድረስ ያሳሰበኝ ያ መምህር ነው። ሉማሜን ሳልፍ አሰብኩት፤ ፍኖተ ሰላም ላይም አሰብኩት። በዚያ ጉዞ ከረዱኝ ሁሉ ትልቁን የሰጠኝ እሱ ነው፤ መስጠቱን ግን አያውቅም። ምስጋናው ለማን ይገባል? ለቸሩ ጠጋኝ እንዳልል የሰጠው የሰው ንብረት ነው። ለመምህሩ እንዳልል ሰውዬው ያኔ ክፍል ውስጥ ቆሞ ሰዋስው እያስተማረ ይሆናል። የሰው ንብረት ሳያስፈቅዱ መውሰድ ስሙ ምን እንደሆነ ደግሞ ከአሥርቱ ትእዛዛት ተምረናል። ነገሩ ከነከነኝና ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። መስቀላቸውን ይዘው በጥሞና ሰሙኝ። ፍርድ ስጠብቅ "ለመሆኑ ሞተሯ አሁን ደህና ትሄዳለች?" አሉኝ። ትሄዳለች አልኳቸው። "እሰይ" ብለው ወደ ሌላው ኃጢአቴ አለፉ።

የደጀኗ የሆቴል ባለቤት ስልክ ቁጥሬን ወስዳ ነበር፤ "ስትደርስ ደውል" ብላ። ደወልኩ። እዚያ ላይ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። በበዓል በበዓሉ ትደውላለች። መጀመሪያ የሞተሯን ጤና ትጠይቃለች፤ ከዚያ የዝናቡን ሁኔታ ትነግረኛለች፤ ማሳረጊያው ላይ "አገባህ?" ትለኛለች። አላገባሁም ስላት የካቴናው ነገር እንደሚያሰጋት ከድምጿ ይታወቀኛል። ሽማግሌው ነግረዋት ይሆን? ከዓባይ ወደ ደጀን ወሬ ከአይሱዙ ይፈጥናል።

በቅርቡ ሞተሬን አዲስ አበባ ውስጥ ለሰርቪስ ሰጥቼ ለሥራ ወጣሁ። ከሰኞ በፊት እንደማልመጣ ነግሬያቸዋለሁ። ሥራው ቶሎ አለቀና አርብ ከሰዓት ብቅ አልኩ። አስነሳኋት፤ ሳለች። ደግሜ አስነሳኋት፤ ጭስ ተፍታ ጠፋች። ጎንበስ ብዬ ባይ ካንዴላዋ የኔ አይደለም። ያስገባሁት አዲስ ነበር፤ ይህ የጠቆረ አሮጌ ነው።

ደሜ ፈላ። ጋራዡን በአንድ እግሩ አቆምኩት። ሌባ አልኩ፤ ሕግ አልኩ፤ ትራፊክ እጠራለሁ አልኩ። ልጁ በግራሶ የተለወሰ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ዝም ብሎ ሰማኝ።

"ጋሼ፣ አንድ ሞተረኛ መጥቶ ነበር" አለኝ፤ "ከደሴ ነው የመጣሁት አለ። ሞተሩ አልነሳ ብሎት ሚስቱን ሐዋሳ ሆስፒታል አስተኝተዋታል እያለ ሊያለቅስ ሲል... እርስዎ ደግሞ እስከ ሰኞ አልመጣም ብለው ነበር።"

"እና የኔን ነቅለህ ሰጠኸው?"

"ለሰኞ አዲስ ልገዛ ነበር እኮ!"

የጀመርኩትን ስድብ ለመጨረስ አፌን ከፈትኩ።

"ሐዋሳ ደረሰ?" አልኩት።

"እኔ ምን አውቄ" አለ ልጁ። "ስልኩን አልተቀበልኩትም።"

"ስልኩን ሳትቀበል ነው የሰደድከው? ጤነኛ ነህ?" ብዬ ጮኽኩበት።